በእኛ ቀን የተጻፉ

እሑድ ከሰዓት በኋላ መገናኛ አካባቢ ባለው ቢሮ ውስጥ ከአያንቱ በቀር ሰው አልነበረም። እሷም ብትሆን ቤት መብራት ስለጠፋ ስልኳን ቻርጅ ልታደርግ ነው የመጣችው። እግረ መንገዷን ኮምፒውተሯን ስትከፍት አንድ መልእክት ጠበቃት። "ጽዳቱ ተጠናቋል" ይላል። የምን ጽዳት?

የምትሠራበት ድርጅት የሌሎችን መረጃ በአደራ ያስቀምጣል። ከደንበኞቹ ሁሉ የሚያስጨንቀው የካንሰር ሕክምና ማዕከሉ ነው። ለእያንዳንዱ ታማሚ ጨረሩ የት ላይ እንደሚያርፍ፣ እስካሁንም ምን ያህል እንደተሰጠው የሚያሳየው ፋይል በየጠዋቱ የሚሳበው ከድርጅቱ ዘንድ ነው። ያ ፋይል ከሌለ ሐኪም ማሽኑን አያስነሳም፤ በግምት ቢያስነሳው ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ፋይሎቹ ሦስት ቦታ ይቀመጡ ነበር፤ አንዱ እዚሁ ፎቅ ላይ ያለው ሰርቨር፣ ሁለቱ ደግሞ ከውጭ ኩባንያዎች የተከራዩት ክላውድ። ክላውድ ሲሉት የረቀቀ ነገር ይመስላል እንጂ ሰው አገር የተቀመጠ የሌላ ሰው ኮምፒውተር ነው። የተጻፈለትን ይፈጽማል፣ ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ባለፈው ሳምንት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ የፎቁን ሰርቨር አቃጠለው። አያንቱ ማዕከሉን በቀጥታ ከመጀመሪያው ክላውድ ጋር አገናኘችው፤ ሕክምናው ለአንድ ቀን እንኳ አልተቋረጠም። አለቃዋ ሕሩይ ሠራተኛው ሁሉ ባለበት አጨበጨበላት። እሷም ትንሽ ኮራ ብላ ነበር የሰነበተችው፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ።

አሁን ግን የተሰረዙትን ፋይሎች ስታይ ክው አለች። ጽዳቱ እሷው ራሷ የጻፈችው ትእዛዝ ነው፤ ሰባት ዓመት ያለፈውን ፋይል ሰርዝ ይላል። የተሰረዙት ግን ባለፈው ሳምንት የታከሙ ሰዎች ናቸው።

"እንዴት ሆኖ?" አለች ጮክ ብላ፣ ባዶው ቢሮ ውስጥ።

ከዚያ ቀኑ ላይ ዐይኗ አረፈ። ሐምሌ 2017። ማዕከሉ እንደ ማንኛውም የአገሩ መሥሪያ ቤት ቀን የሚጽፈው በእኛ አቆጣጠር ነው። ወደ ፈረንጆቹ ቀን እየለወጠ ወደ ክላውዱ የሚያሻግረው ያ የተቃጠለው ሰርቨር ነበር። አያንቱ መንገዱን ስታሳጥር እሱን ዘለለችው። ክላውዱም 2017ን በፈረንጅ ቆጥሮ ይሄማ አርጅቷል አለና ጠረገው። ታማሚ በታከመ ቁጥር ፋይሉ ላይ የዕለቱ ቀን እንደ አዲስ ይጻፋል። ስለዚህ ሕክምናቸውን የጨረሱት አልተነኩም፤ የጠፉት በሕክምና መሃል ያሉት ናቸው።

የአያንቱ እናት ወይዘሮ ሶሬቲ በሕክምና መሃል ናቸው።

የተሰረዘ አይመለስም፤ የሕሙማን ምስጢር ነውና የጠፋ እስከ ወዲያኛው ይጥፋ ብለው የወሰኑት የድርጅቱ ሰዎች ራሳቸው ናቸው። የቀረው ሁለተኛው ክላውድ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ በየቀኑ አመሻሹ ላይ የመጀመሪያውን እያየ ያንኑ ይደግማል፤ እዚያ የተጨመረውን ይጨምራል፣ እዚያ የተሰረዘውን ይሰርዛል። ማስቆም ይቻላል፤ ግን አንድ ሰው ብቻውን ጉድ እንዳይሠራ ተብሎ ቁልፉ ለሁለት ተከፍሏል። የይለፍ ቃሉ እሷ ጋ ነው፤ ኮዱ ሕሩይ ስልክ ላይ ነው። የሕሩይ ስልክ ዝግ ነው።

ሚስቱ ናዝራዊት ጋ ደወለች።

"ውይ አያንቱዬ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጋር ለጾም ጸሎት እንጦጦ ወጥቷል እኮ። ስልካቸውን በር ላይ ነው የሚቀበሏቸው። ማታ ሲወርድ ይደውልልሽ?"

"ማታ አይሆንም" አለች አያንቱ። ድምፅዋ የራሷ አልመስል አላት።

ላፕቶፗን አቅፋ ወረደችና አንድ አሮጌ ቪትስ ታክሲ ውስጥ ገባች። ሾፌሩ አቶ ኤጀታ የሚባሉ ሽበታም ሰው ናቸው። ዝናቡ መስተዋቱን ይደበድበዋል። ዳገቱን ሲጀምሩ ጉሙ ከባሕር ዛፉ መሃል ወርዶ መንገዱን ዋጠው።

"አባባ፣ ትንሽ ፈጠን ቢሉልኝ።"

"የኔ ልጅ፣ ይሄ ፍሬን እርጥብ አይወድም። ሬሳሽን ነው እንዴ የማደርሰው?"

ስልኳ ጠራ። እናቷ ናቸው።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ነገ በጠዋት ነው የምሄደው። ጸጋ ቀድማ ከደረሰች ወረፋ ትይዝልኛለች፣ እኔ ከቀደምኩ እይዝላታለሁ። እንደዚያ ነው የተባባልነው።"

ጸጋ እንደ እናቷ የምትታከም የላምበረት ሰፈር ልጅ ናት፤ ገና ጡት ያልጣለ ሕፃን አላት። ካርድ ያወጡ ዕለት ወይዘሮ ሶሬቲ ከፊት ነበሩ። ልጅ ታቅፋ ስትቆም አይተው "ነይ ቅደሚ" ብለው ተራቸውን ሰጧት። ከዚያ ወዲህ እናትና ልጅ ሆነዋል።

"ሰማሽኝ?" አሉ እናቷ።

"ሰማሁሽ እማ" አለችና መስመሩ ተቋረጠ። የኔትወርኩ ምልክት ጠፍቷል። አያንቱ በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም። ነገ ጠዋት እናቷ ነጠላቸውን አጣፍተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ስማቸው እስኪጠራ ሲጠብቁ ይታያታል። አይጠራም።

የጸሎቱ ቦታ ባሕር ዛፍ መሃል ያለ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው። በሩ ላይ አስተናጋጁ አቶ ሚልኬሳ ጃንጥላ ዘርግተው ቆመዋል፤ አጠገባቸው በስልክ የተሞላ የፕላስቲክ ባልዲ አለ።

"ወንድም ሕሩይን ፈልጌ ነው። በጣም አስቸኳይ ነው።"

"ሁሉም አስቸኳይ ነው እህቴ። ጸሎት አይቋረጥም፤ ሲጨርሱ ትነግሪዋለሽ።"

"የሰው ሕይወት ነው አባቴ!"

"እኛም እኮ የምንጸልየው ለሰው ሕይወት ነው" አሏት፣ በትሕትና፣ ከበሩ ፈቀቅ ሳይሉ። ትሕትናቸው ከስድብ ይልቅ አንገበገባት። ጥቂት ለመነቻቸው። ከዚያ ይሉኝታዋን ጣለችና በክንዳቸው ሥር ሾልካ ገባች። "ሕሩይ!" ብላ ስትጮህ የተንበረከከው ሰው ሁሉ ቀና አለ።

ሕሩይ ፊቷን እንዳየ ተነሥቶ ተከትሏት ወጣ። ባልዲው ውስጥ ስልኩን ሲፈልግ ነገሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረችው፤ ከንፈሩ ነጣ። ኔትወርክ ፍለጋ ሽቅብ ወደ አስፋልቱ ሮጡ። እዚያ ሲደርሱ የአያንቱ ስልክ ምልክት ያዘ፤ ላፕቶፑን ከስልኩ ጋር አገናኝታ የአቶ ኤጀታ መኪና ኮፈን ላይ ከፈተችው። ሽማግሌው ሳይጠየቁ ኮታቸውን አውልቀው ከዝናቡ ከለሉላት።

ድገማው ጀምሯል። ፋይሎቹ በካርድ ቁጥር ተራ አንድ በአንድ እየጠፉ ነው።

"ኮዱን!"

ሕሩይ አነበበላት። ጻፈች። ስሕተት ነው አላት። በረጠበ ጣቷ አንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ ነክታዋለች። አዲሱ ኮድ እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነ። ቆማ ጠበቀች፤ ዐይኗ ሥር አንድ ካርድ ጠፋ፣ ሌላ ጠፋ፣ ሌላም ጠፋ።

"አሁን!" አለ ሕሩይ። እያንዳንዱን ቁጥር እየጠራ አስጻፋት።

ቆመ።

አያንቱ መጀመሪያ የፈለገችው የእናቷን ስም ነው። ሌላ ሰው ትዝም አላላት፤ ማንም በእሷ ቦታ ቢሆን ያንኑ ያደርጋል። ሶሬቲ፣ አለ። ፋይሉን ከፈተችው፤ ሙሉ ነው። ሳቋና ለቅሶዋ አንድ ላይ መጣ፤ የአቶ ኤጀታን እጅ ይዛ ሳመች። እሳቸውም ምኑም ሳይገባቸው "እሰይ፣ እሰይ የኔ ልጅ" አሉ።

"ሌሎቹስ?" አለ ሕሩይ ቀስ ብሎ።

ወደ ላይ ፈለገች። የመጀመሪያዎቹ ካርዶች ባዶ ናቸው። የነዚህ ሰዎች ዕቅድ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ሳምንታት ይፈጃል፣ በሽታው ግን ሳምንታት አይጠብቅም። ባዶው የሚያበቃው ከእናቷ አንድ ካርድ ቀድሞ ነው። ቁጥሩን ከሕሩይ ጋር ሁለቴ አመሳከረችው። የጸጋ ነው።

እናቷ ተራቸውን ባይለቁላት ኖሮ ያ ቁጥር የእናቷ ነበር።

ስልኳ ጠራ። መስመሩ ስለተቋረጠ አስበው እናቷ ደግመው እየደወሉ ነው። አያንቱ አነሳችው።

"ምነው ዘጋሽብኝ? ለጸጋ ደውይላት ልልሽ እኮ ነው" አሉ ወይዘሮ ሶሬቲ። "ነገ እንዳትቸኩል በያት። ልጅ ይዛ በዝናብ ከምትሮጥ እኔ ቀድሜ እይዝላታለሁ።"

አያንቱ የላፕቶፑን ክዳን ቀስ ብላ ዘጋችው።

"አያንቱ? ትነግሪያታለሽ አይደል?"

"እነግራታለሁ እማ" አለች።