ከሦስት ጊጋኸርዝ ያላነሰ

ጥፋቱ የእኔ ነው። ይህን ለማመን አንድ ወር ፈጅቶብኛል፤ እስከዚያ ድረስ ያልሰደብኩት ሰው የለም።

ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ ነበር። ጋምቤላ ከተማ፣ የወባ አጎበር በሚያድል አንድ ፕሮጀክት ውስጥ የመረጃ ሠራተኛ ነበርኩ። ከባሮ ዳርቻ እስከ ጎግ ቤት ለቤት ዞረን ሰው ቆጥረናል። አዲሱ ዝርዝር ተደምሮ እስከ ሰኔ ሠላሳ ካልተላከ አጎበሩ የሚታደለው በአምናው ዝርዝር ነው። አሮጌው ኮምፒውተራችን ግን ፋይሉን ገና ሲከፍት ድርቅ ይላል።

አዲስ እንዲገዛ ተፈቀደ። ምን ዓይነት እንደሚገዛ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ነጋዴ እንዳይሸውደኝ ብዬ፣ አሮጌው 2.4 ስለሆነ፣ «ፍጥነቱ ከ3 ጊጋኸርዝ ያላነሰ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ፤ ማኅተም ተመታበት።

ገበያው አጠገብ ሱቅ ያለው ሙአዝ 1.8 የሚል አቀረበ። ደሜ ፈላ።

«ከአሮጌው ያነሰ ልትሸጥልኝ?»

«ወላሂ ዘርአብሩክ፣ ቁጥሩን ተወው። ይኼ ዱዋል ኮር ነው፤ የሚሠራው በሁለት ነው። ታንኳ ላይ አንዱ ቀዛፊ የቱን ያህል ቢፈጥን፣ ሁለት ሆነው ረጋ ብለው የሚቀዝፉት ይቀድሙታል።»

ነጋዴ መቼም ምሳሌ አይቸግረውም። በማግስቱ ላሳፍረው የአንዲት ቀበሌ ፋይል በፍላሽ ይዤ ሄድኩ። ያዘዝኩት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ማሽኑ ደምሮ አስረከበኝ። ያፈርኩት እኔ ነኝ። የቀረውን ፋይል አምጥቼ እዚያው ልጨርሰው እችል ነበር፤ መገዛቱ አይቀርም ብዬ ተውኩት።

የግዢ ኮሚቴው ከሳምንት በኋላ ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ማቻር ወረቀቴን አነሣ።

«ሦስት ይላል። ይኼ አንድ ነጥብ ስምንት ነው። ወድቋል።»

«ኮሩ ሁለት ነው! ሲባዛ ሦስት ነጥብ ስድስት ይሆናል፤ አልፏል!» አልኩ። እንዲህ እንደማይባዛ ሙአዝ ነግሮኛል፤ ግን ጨንቆኝ ነበር።

ማቻር ከወንበሩ ተነሣ፤ ቁመቱ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረው። «እኔና አንተ ብንደመር አራት ሜትር ሊሆን ነው። ታዲያ አራት ሜትር ላይ ያለውን ማንጎ ቆመን እንቆርጣለን?»

ሁሉም ሳቀ። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። «ሰው በወባ ይሞታል!»

«የእኔም ልጆች ይታመማሉ» አለ ማቻር ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ግን ፊርማው የአንተ ነው። ከተጻፈው ውጪ ብገዛ ከነጋዴው ተካፍሏል ይሉኛል። ወረቀቱን ቀይር፤ እንደገና ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስብ፤ እንቀመጣለን።»

ቀኑ ሰኔ ሃያ ስምንት ነበር። ማሽኑን ለአንድ ቀን እንዲያውሰኝ ልለምነው ሙአዝ ጋ ሮጥኩ።

«ሳምንት ሙሉ አቆየሁልህ» አለኝ። «አንድ ብቻ ነበር ያለኝ። ትናንት ከአቦቦ የመጣ ሰው ገዛው።»

እዚያው ሱቁ በር ላይ ሙአዝን ሰደብኩት፤ ማታ ደግሞ ማቻርን።

ሐምሌ ላይ ባሮ ዳር አጎበር ስናድል ኛጆክ የምትባል ሴት ሁለት ሕፃናት ታቅፋ ፊቴ ቆመች። የአምናውን ዝርዝር አገላበጥኩ።

«ስምሽ የለም።»

«አንተ ነህ የጻፍከው» አለችኝ። «ቤቴ መጥተህ፣ መንታዎቹን አይተህ ሳቅህ። ከዚያ ጻፍክ።»

«አዎ፣ ጽፌሻለሁ» አልኳት።

ከኋላዋ የቆመችውን ሴት ስም ጠራሁ።