የወንዝ ዳር ቆስጣ

የልብስ ሰፊዋን ባል ሰፈሩ «ሽቶ» ብሎ ነው የሚጠራው። የሽንት ቤት ማስመጠጫ መኪና ሾፌር ስለሆነ ስሙ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ማታ ሲመጣ በር ላይ ታስቆመዋለች፣ ቱታውን እዚያው ታስወልቀዋለች፣ ሳሙናና ባልዲ አቀብላው ወደ ስፌት መኪናዋ ትመለሳለች። ሰው ሲያሾፍባት ግን አትወድም። «የናንተኑ ጉድ ተሸክሞላችሁ ነው የሚሸተው!» ትላለች። የመጠጠውን ወዴት እንደሚወስድ ጠይቃው አታውቅም። ከከተማው ማዶ የፍሳሽ ማጣሪያ አለ፤ ሌላ የት ሊደፋው?

ሴት ልጃቸው የአንድ አትክልተኛ ልጅ ወደደችና የልጁ ቤተሰቦች እነሱን እሁድ ምሳ ጠሯቸው። አትክልተኛው ሆዱ ቀድሞት የሚሄድ፣ ሳቂታ ሰው ነው። «መጀመሪያ እርሻዬን ሳታዩማ ማዕድ አይቀርብም» ብሎ ወደ ወንዙ ይዟቸው ወረደ።

ቆስጣው የዝሆን ጆሮ ያክላል። ሰላጣው ጥምጥም ብሎ ያብረቀርቃል።

«የታችኛው ገበያ የሚበላው ከኔ እጅ ነው» አለ። «ማዳበሪያ አላስነካውም። ወንዙ ራሱ ማዳበሪያ ነው!»

ልብስ ሰፊዋ ደስ አላት፤ እሷም የምትገዛው ከታችኛው ገበያ ነዋ። ከዚያ ወንዙን አየችው። ጠቁሮ፣ ወፍሮ፣ እየተጎተተ ነው የሚሄደው። ዳር ዳሩን ግራጫ አረፋ ይዞታል። ቁጥቋጦው ላይ ያገለገለ የሕፃን ዳይፐር ተንጠልጥሏል፤ ሆዱ የተነፋ የሞተ አይጥ በፕላስቲክ ጠርሙሶች መሃል ይሽከረከራል። የውሃ መሳቢያው ቱቦ አፉን እዚያው ውስጥ ነክሮ ይጠጣል፤ በሌላ ጫፉ ሰላጣው ላይ ይተፋል።

ዞር ስትል ባሏ አመድ መስሏል።

«ምነው፣ አመመህ?»

«ፀሐዩ ነው» አለ፣ ጫማ ጫማውን እያየ።

ማዕዱ ቀረበ። ሰላጣ በሎሚ፣ ቆስጣ በነጭ ሽንኩርት፣ ካሮት። ልብስ ሰፊዋ አንድ ሹካ ሙሉ ሰላጣ አፏ ከተተች። ሽቶ እጁን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። በጠረጴዛው ሥር እግሩን ረገጠችው።

«ብላ እንጂ! ሰው ቤት ነው ያለኸው» አለች በሹክሹክታ።

«አትብዪ።»

«ምን?»

«ከላይ፣ ወንዙ መታጠፊያ ጋ... እኔ ነኝ የምደፋው።»

ለመረዳት ጊዜ አልወሰደባትም። አፏ ውስጥ ያለው ቅጠል ድንገት ለሀጭ ለሀጭ አላት። መሃረቧን አፏ ላይ ይዛ እንትፍ አለች። ልጇ በሀፍረት ቀላች።

ሹክሹክታቸውን የሰማው አትክልተኛ አንዴ እሷን፣ አንዴ ባሏን አየና ሳቁን ለቀቀው።

«ያቺ ከላይ የምትመጣው ቦቴ የርስዎ ናት እንዴ? አይ ጉድ! ይብሉ ወንድሜ፣ ይብሉ! ይሄ ከጓሮ የተቀጠፈ ነው፣ በቧንቧ ውሃ ያደገ። የወንዝ ዳሩንማ እኛ ቤት ማን ይቀምሰዋል? እሱ የገበያ ነው።»

ሽቶ ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰ። መሳቅም ጀመረ። ከዚያ ሰላጣውን ወደ ራሱ ሳብ አድርጎ ሹካውን አነሳ።

ልብስ ሰፊዋ ከወንዙ ይልቅ ይሄኛው አቅለሸለሻት። ሁለቱ ወንዶች ተያይተው እየሳቁ ያመነዥካሉ። ግም ለግም አብረህ አዝግም ማለት ይሄ ነው አለች በሆዷ።

«የገበያ ማለት የማን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የሰው ነዋ፣ የኔ እመቤት!»

«ሰው ማለትማ እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ከታችኛው ገበያ የምገዛው። ይቺ ልጅ ስታድግ ሆዷን ይዛ ያለቀሰችው፣ የትል መድኃኒት ከአፏ ያልጠፋው... አንዱ ከላይ ደፍቶ፣ አንዱ ከታች ሸጦ አበላችሁኝ!»

«ኧረ አብስሎ ለበላው ምንም አይል» አለ አትክልተኛው፤ ሳቁ ግን ፊቱ ላይ ደርቋል።

«ሰላጣ አብስለው ያውቃሉ?»

«እማዬ፣ አታዋርጂኝ» አለች ልጇ እንባ እያነቃት።

«አንቺ ምን አዋረደሽ? የተዋረደውስ አፋችን ነው» ብላ ነጠላዋን ይዛ ወጣች።

ሽቶ መንገድ ላይ ደረሰባት። ማጣሪያው ሩቅ እንደሆነ፣ ወረፋው እንደማያልቅ፣ አለቃው እንደሚያጣድፈው ተናገረ። «ደግሞ ሁሉም ሾፌር እዚያ ነው የሚደፋው።»

«ሁሉም ከየትኛው ገበያ ነው የሚገዛው?»

ነጠላዋን አጣፍታ ጥላው ሄደች።

በማግስቱ ጠዋት የምትጠልፈውን ልብስ ይዛ ባሏ የሚነዳው መኪና ላይ ወጣች። ለመናት፣ ተቆጣ፤ አልወርድም አለች። የመጀመሪያውን ቤት መጥጦ ሲጨርስ «መታጠፊያውን አሳየኝ፣ ሳትደፋ» አለችው። ሲደርሱ ሣሩ ተቃጥሎ፣ መሬቱ ተልጧል፤ ዝንቡ እንደ ጥቁር መጋረጃ ተነሳባቸው። ድንጋዩ ላይ የደረቀው ነገር ከነወረቀቱ ተጋግሯል። መስኮቱን ዘግታ «አሁን ወደ ማጣሪያው ንዳ» አለች። ነዳ። ወረፋው እውነትም ረጅም ነበር፤ አንድ ሙሉ የአንገት ጥልፍ ጨረሰችበት።

አለቃው አጉረመረመ፣ ሽቶ ብዙ ቀን አኮረፈ፤ እሷ ግን ከመኪናው አልወረደችም። የልጃቸው ሠርግ ዘገየ እንጂ አልቀረም። የልጅቷ እጮኛ በዚሁ ቆስጣ ከአባቱ ጋር ተጣልቶ ሌላ ሥራ ያዘ። አትክልተኛው ግን ቆስጣውን መትከል አልተወም፤ ሌሎቹ ሾፌሮችም መድፋት አልተዉም።

አንድ ቅዳሜ ታችኛው ገበያ ሄዳ፣ ቆስጣ ለሚመርጡት ሴቶች ከየት እንደመጣ ፊት ለፊት ነገረቻቸው። አንዷ የያዘችውን እስር ጥላ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ሌላዋ ግን ቅርጫቷን እየሞላች ቀና አለች።

«ታዲያ ምን እንብላ፣ እህቴ?»

ልብስ ሰፊዋ ዘንቢሏን ባዶውን ይዛ ወደ ቤቷ ሄደች።