ዝርርር የሚለው የቤዝ ሣጥን

ሐሙስ የመብራት ቀን ነበር። በፈረቃው ዘመን የአቃቂ ሰው ሳምንቱን የሚከፍለው መብራት ያለበትና የሌለበት ቀን እያለ ነውና፣ የሺዋስም ከብረታ ብረት ፋብሪካው ፈቃድ ወስዶ ቤት የዋለው ለዚሁ ብሎ ነው። ለአለቃው «አሞኛል» ብሏል። ያመመው ግን እሱን ሳይሆን የቤዝ ጊታሩን ስፒከር ነው።

ስፒከሩ የተገጠመበት ሣጥን ቁመቱ የሰው ወገብ ይደርሳል፤ ያለ ሁለት ሰው ከመሬት አይነሳም። የሺዋስ ወፍራም ኮምፔንሳቶ ገዝቶ ካሠራው አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ስንት ሰርግ ላይ ድንኳን ያንቀጠቀጠ ሣጥን፣ ከሁለት ሳምንት ወዲህ ወፍራሙ ክር በተነካ ቁጥር «ዝርርር» ማለት ጀመረ። ጠርሙስ ውስጥ የተዘጋበት ዝንብ ይመስላል።

ማክሰኞ እዚሁ የሺዋስ ቤት ልምምድ ላይ የባንዱ መሪና ኪቦርድ ተጫዋች ጌዲዮን ትንሽ ታገሠና መጫወቱን አቆመ።

«ጋሽ የሺ፣ አይክፋህና የእሁዱን ሰርግ ቤዙን እኔው በኪቦርድ ብመታው ይሻላል። ሰው እኮ አይለየውም።»

አሥራ ስምንት ዓመት ቤዝ ለመታ ሰው «አይለየውም» ከስድብ ይከፋል። የሺዋስም አምስት ሙዚቀኛ እየሰማ፣ «ሐሙስ አሥር ሰዓት ተመልሰህ ና። አንዴ እንኳ ዝርርር ካለ ከባንዱ የምወጣው እኔ ነኝ!» አለ። ሸኝቷቸው ሲመለስ አፉን በመዳፉ ቢይዘውም ቃሉ ወጥቷል።

እናም ሐሙስ ጠዋት፣ ካቻቢቴውንና ፒንሳውን ደርድሮ እንደ ዳኛ ተቀመጠ። መጀመሪያ የተከሰሰው ጊታሩ ነው። ነቀለውና በቦታው ቴፑን ሰካ። ካሴቱ ሲዘፍንም ዝርርር አለ። «ጊታሩ ነፃ ወጥቷል» አለ ለሚስቱ ለሥርጉት። ቀጥሎ አምፕሊፋየሩን ከሌላ ትንሽ ስፒከር ጋር አገናኘው። ድምፁ ቀጭን ነው እንጂ ጥርት ያለ ነው። አምፕሊፋየሩም ነፃ።

«እንግዲህ ወይ ሣጥኑ ነው፣ ወይ ቤቱ ነው» አለ።

ሥርጉት ቀና አለች። «ቤቱ ምን አደረገህ?»

«ብርጭቆው፣ የግድግዳው ሰዓት፣ የሰርጋችን ፎቶ... አንዱ ሊሆን ይችላል አብሮ የሚንቀጠቀጠው።»

ቡፌው ባዶ እስኪሆን ብርጭቆ ተሸከመች፤ ሰዓቱም ፎቶውም ወረዱ። ሣጥኑ ዝርርር አለ። የጎረቤት ጎረምሳ ተጠርቶ ሣጥኑን ግቢ ድረስ አወጡት። ደጅም ዝርርር። ሥርጉት ባዶውን ቡፌ፣ ከዚያ ባሏን አየች።

የሺዋስ ግን የሚበገር አልሆነም። በፊት ለፊት ያለውን ብሎን ሁሉ አጠበቀ። የሣጥኑን መጋጠሚያ በየተራ እየተጫነ ጊታሩን መታ። በመጨረሻም ላዩ ላይ ወጥቶ ተቀመጠበት።

«ከዚያ ውረድ» አለች ሥርጉት፣ «እንቁላል የታቀፍክ ነው የምትመስለው።»

ወረደና የስፒከሩን ጥቁር ወረቀት በባትሪ ዞሮ ዞሮ አየው። ቀዳዳ የለውም። በጣቶቹ ቀስ አድርጎ ገፋው፤ ያለ ኮሽታ ገብቶ ወጣ። ስምንት ሰዓት አለፈ።

ይሄኔ ጎረቤታቸው እትዬ ዳሲቱ የቆርቆሮውን በር ገፍተው ገቡ። ሃያ ስድስት ዓመት ጨርቃ ጨርቁ ውስጥ ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው፤ ጆሯቸውን ግማሹን ማሽኑ ወስዶታል።

«ግድግዳዬን ምን ነካው ብዬ ነው የመጣሁት» አሉ። «ድምፁንስ አልሰማሁትም፤ አልጋዬ ላይ ተኝቼ ነው የነዘረኝ።»

«ስፒከሩ ነው እትዬ!» ብሎ ጮኸ የሺዋስ። «ዝርርር ይላል!»

እትዬ ዳሲቱ መዳፋቸውን ሣጥኑ ላይ አሳረፉ። «ምታ» አሉት። መታ። እጃቸውን ወደ ጎን ወሰዱ። «ምታ።» ከዚያ ወደ ኋላው፣ መሐሉ ላይ። «ምታ እንጂ! ... አሃ። ወፍራሙ የሱ የራሱ ነው። ከሥሩ አንድ ቀጭን ነገር ይጭራል፤ መርፌ መርፌ ይላል። እኛ ጋ ሁሉም ማሽን ስለሚጮህ በጆሮ ማንን ትለያለህ? በእጅ ነበር የምናውቀው። ውስጡ ምንድነው ያለው?»

«ስፒከሩና ጥጥ ነው።»

«የምን ጥጥ?»

የሺዋስ ደረቱን ነፋ። ሣጥን ውስጥ ጥጥ ሲጠቀጠቅ ድምፅ ይለሰልሳል የሚል ወሬ ሰምቶ፣ ከፋሲካ በፊት አንድ ጆንያ የፋብሪካ ውዳቂ ጥጥ ገዝቶ ሞልቶበታል። ሁለት ሦስት ሳምንት በእውነትም ድምፁ ማር ሆኖ ነበር። ስለዚህ ከተጠርጣሪዎቹ መሐል ጥጡን አልቆጠረውም። ጥጥ ምኑ ይጮሃል?

«ለቅመኸዋል?» አሉት።

«ምኑን?»

«ጥጡን ነዋ!»

በዚያ ሰፈር ግማሹ ሰው የሚተኛው በውዳቂ ጥጥ ፍራሽ ላይ ነው። ጥጡን የሚያበጥረው ማሽን ግን ጥርሱ ሽቦ ነው፤ እየተሰበረ ውዳቂው ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ጥጡ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ፣ ሴቶቹ ከበው ሽቦውን አንድ በአንድ ሳይለቅሙ ትራስ አይሞላም። ይህን የአቃቂ ልጅ ሁሉ ያውቃል። የሺዋስም ያውቃል።

«እትዬ ዳሲቱ፣ ማንም ሊተኛበት አይደለም እኮ!» አለ። እንዳለውም ወደ ሣጥኑ ዞረ። ስፒከሩ ከኋላው ትልቅ ማግኔት እንዳለው ትዝ ያለው ገና አሁን ነው።

የኋላውን አሥራ ሁለት ብሎን ፈትቶ ጥጡን ጎትቶ ሲያወጣ፣ ማግኔቱ ጢም አብቅሏል። ሽቦው በንዝረቱ እየተጓዘ መጥቶ ተሰብስቦበታል፤ ጥቂቱ ቀጥ ብሎ ቆሞ የወረቀቱን ጀርባ ይነካል። በፒንሳ ሲነቅለው እየዘለለ ተመልሶ ይለጠፋል። ሥርጉት ትንሽ አየችውና ፕላስተር አምጥታ እየለጠፈች ትነቅልለት ጀመር።

«ጥጡን ልጣለው?» አለ።

«ለምን ይጣላል? ይለቀማል!» አሉ እትዬ ዳሲቱ፣ ነጠላቸውን አሸርጠው እየተቀመጡ።

ጌዲዮን ዘጠኝ ተኩል ላይ ሲደርስ ሦስቱም ፀጉራቸው ጥጥ ለብሶ አገኛቸው።

«ጋሽ የሺ! ፍራሽ ሥራ ጀመርክ እንዴ?»

«ቀጠሮህ አሥር ሰዓት ነው። እስከዚያ ቁጭ ብለህ ልቀም።»

ለቀመ። አሥር ሰዓት ሊሞላ ሲል ጥጡ ተመለሰ፤ ብሎኑ ታሰረ። የሺዋስ ጊታሩን አንገቱ ላይ አጠለቀና ድምፁን ከማክሰኞው አስበልጦ ከፈተ። አውራ ጣቱ ላይ ላብ ነበር። ወፍራሙን ክር መታው።

ቡምም። ሌላ ምንም የለም።

«እስቲ ድገመው» አለ ጌዲዮን። ተደገመ። ከሣጥኑ ኋላ ሄዶ ጆሮውን ለጥፎ ሰማ። አንድ ዘፈን አስመታው፤ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። በሦስተኛው መሐል አንገቱ ሳያስበው ከምቱ ጋር መነቅነቅ ጀመረ። ከዚያ ተነስቶ ሱሪውን አራገፈ።

«በቃ ጋሽ የሺ፣ እሁድ ያንተው ነው። ልሂድ።»

«የእሁዱ ስንት ዘፈን ነው?»

«ሃያ ሁለት።»

«የሰማኸው ሦስት ነው» አለ የሺዋስ፣ ክሩን እየቃኘ። «ተቀመጥ።»