የአደስ አልጋ

ፈርሂያ ከሪያድ ስትመለስ መካነ ሰላም እንደነበረች ጠበቀቻት ማለት ውሸት ነው። ከተማዋ ፎቅ አብቅላለች። የልጅነት ጓደኞቿም ግማሾቹ እንደ እሷ ባሕር ተሻግረዋል፣ ግማሾቹ አግብተው ወፍረዋል። ሳይለወጥ የጠበቃት ነገር ቢኖር በድንጋዩ ካብ ጥግ ያለው የእናቷ የኸዲጃ አደስ ነው። ሻንጣዋን እንኳ ሳታሳርፍ ሄዳ ቅጠሉን በጣቶቿ አሽታ አሸተተችው። ለእናቷ ያላለቀሰችውን ልቅሶ ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው። ኸዲጃ ስትሞት እሷ በሰው አገር፣ በሰው ቤት ነበረች፤ መርዶውም የደረሳት በስልክ ነው።

በልጅነቷ እናቷ አደሱን ወቅጣ ከለጋ ቅቤ ጋር ትለውስና ለዒድ ዋዜማ ጸጉሯን ትቀባት ነበር። ቅቤው ቀልጦ በጆሮዋ ሥር ሲወርድ ኸዲጃ በአውራ ጣቷ ጠረግ ታደርግና እንዳይባክን ያንኑ ጣቷን በራሷ ጸጉር ላይ ታብሰዋለች። ፈርሂያ በባዕድ አገር እናቷን ስታስብ ፊቷ ቶሎ አይመጣላትም ነበር፤ የሚቀድመው ያ አውራ ጣትና ያ ሽታ ነው።

ብዙም ሳትቆይ ከማዘጋጃ ቤት ሰዎች መጥተው ካቡ ላይ ቀይ ቀለም ቀብተው ሄዱ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ ካቡ ይነሳል፣ አደሱም አብሮ። ነቅሎ ማዛወር የማይታሰብ ነው፣ ሥሩ ከካቡ ድንጋዮች ጋር ተቆላልፏል። ቀንበጡን ቆርጦ መትከልንም ስንቱ ሞክሮት ደርቆበታል። ጎረቤታቸው እትዬ አስቻለች ለመስቀል ከዚህ አደስ ሳይወስዱ የቀሩበት ዓመት የለም፤ በየዓመቱ ጓሯቸው ይተክሉታል፣ በየዓመቱም ይደርቅባቸዋል።

«የእናትሽ እጅ ካልነካው እሺ አይልም» አሉ። «እሷ ደግሞ እጇን ይዛው ሄደች።»

ፈርሂያ ግን በሪያድ ያየችው ነገር ነበር። ልብስ ልታሰጣ ጣራ ላይ ስትወጣ፣ ከጎን ባለው ቤት ጣራ ላይ አንድ ባንግላዴሻዊ አትክልተኛ ችግኝ የሚያፈላበት ሰፊ ገበታ ነበረው። አፈር የለውም፣ ጠጠር ብቻ። ውሃ ከሥር ይመጣና ጠጠሩን ያጥለቀልቃል፤ ትንሽ ቆይቶ በመጣበት ይመለሳል። «ይጠጣል፣ ከዚያ ይተነፍሳል» ይላት ነበር ሰውየው በተሰባበረ ዐረብኛ፤ «መጠጣት ብቻ ከሆነ ይሰምጣል።» አንሶላው እስኪደርቅ ቆማ ታየዋለች። የእኔ የምትለው ሰዓት ያ ብቻ ነበር። እዚያ ሳለች የእናቷን ጓሮ ስትናፍቅ የኖረች ሴት እዚህ መጥታ ደግሞ ያንን ጣራ ናፈቀች፤ የሰው ሆድ እንዲህ ነው፣ ባለበት አይጠግብም።

ገበታውን ልትሠራ ተነሳች። አባቷ አሕመድኑር በደህናው ዘመን የመካነ ሰላምን በርና አልጋ የሠሩ አናጢ ነበሩ። ዛሬ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ሚስታቸው ከሞተች ወዲህ መጋዝ ነክተው አያውቁም። ሳይጠየቁ ግን «እግሩን ለእኔ ተይው» አሉ። ቆረጡ፣ ከዚያ ለኩ፣ እንደገና ቆረጡ። ድሮ ለማጆቻቸው ሳይለኩ ሲቆርጡ ጆሮ ይቆነጥጡ ነበር! ሲያቆሙት አንዱ እግር ረዝሞ ገበታው አጋደለ።

ፈርሂያ አየችው። ከሌሎቹ እግሮች ሥር ስባሪ ጣውላ ማስገባት ይበቃ ነበር። የአባቷን ፊት ስታይ ግን እጇ አልታዘዝ አላት። ዝቅ ወዳለው ጫፍ ሄዳ ቀዳዳውን እዚያ በሳችው።

«ደህና ነው አባ፤ ውሃው ወደዚህ እንዲወርድ ይሻላል» አለች።

ገበታውን ጥቁር ላስቲክ አለበሰችው፤ ከወንዝ ያመጣችውን ጠጠር አጥባ ደለደለችበት፤ ከቀዳዳው ጎማ አውርዳ ከቢጫ ጀሪካን ጋር አያያዘችው። ሞተር ምን ያደርጋል፣ መብራቱ መች ይቆይና! ጀሪካኑን ከግድግዳው ሚስማር ላይ ስትሰቅለው ውሃው ገበታውን ይሞላል፤ መሬት ስታኖረው ተመልሶ ይገባል። ሰዓቱን የሚነግራት አዛኑ ነው፦ እኩለ ቀን ላይ ለዙህር ሲጣራ ይሰቀላል፣ ሰው ከመስጊድ ሲመለስ ይወርዳል፤ ከሰዓት በኋላ ለዐስር ሶላትም እንደዚሁ። ከዚያ የአደሱን ለጋ ጫፎች ቆርጣ፣ የታች ቅጠላቸውን ገፋ፣ ጠጠሩ ውስጥ ሰካቻቸው።

እትዬ አስቻለች እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው አዩት። «ሰው ዐረብ አገር ደርሶ ሲመጣ ፎቅ ይሠራል፤ አንቺ ለቅጠል አልጋ ሠራሽ?»

«ተኝቶ ሲነሳ ያያሉ» አለች ፈርሂያ።

አሕመድኑር ከዚያ ገበታ አጠገብ አይጠፉም። ጀሪካኑ ሲሰቀል ፊታቸው ይፈታል። ሲወርድና ውሃው እያንጎራጎረ ሲሸሽ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። «ሳይጠግብ ትነጥቂዋለሽ» ይላሉ።

«እንዲተነፍስ ነው አባ።»

ትስቅባቸው ነበር። ቅጠሎቹ ሳምንታት አልፈውም አልጠወለጉም፤ እሷም ተስፋ ማድረግ ጀመረች። በዚህ መሐል አቀስታ ያለች አክስቷ ሞተችና ለለቅሶ መሄድ ግድ ሆነ። «ሲጣራ ይሰቅሉታል፣ ሰው ሲመለስ ያወርዱታል» ብላ አደራ አለቻቸው።

«መርሐባ» ብለው እሺታቸውን ሰጡ።

ከለቅሶ ተመልሳ ከሚኒባሱ ስትወርድ ካቡ የለም። ማሽኑ ከተባለው ቀን ቀድሞ መጥቷል። አደሱ የነበረበት ቦታ የተገለባበጠ አፈርና የጎማ ዱካ ብቻ ነው። ገበታው ግን አለ ብላ ወደ ጓሮ ሮጠች።

ገበታው ውሃ አቁሯል፤ ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። አንዱን ቀንበጥ ሳበችው፣ ጠቁሮ ሙልጭልጭ ብሎ ወጣ። ሌላውንም ሳበች፣ ያው ነው። እጇን ወደ ቀዳዳው ሰደደች፤ በጨርቅ ተወትፏል።

«አባ! ይሄን ማን ወተፈው?»

አሕመድኑር በራፉ ላይ በዱላቸው ተደግፈው ቆመዋል። «እኔ ነኝ» አሉ።

«ነግሬዎት አልነበር? አሰመጧቸው እኮ! አደሱ ተነቅሏል፤ አሁን ከየት አምጥቼ ልቁረጥ? የእሷ የሆነ ሌላ ምን ነበረን?» በአባቷ ላይ እንዲህ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አታውቅም።

«እናትሽ ውሃ ስትለምነኝ ነው የሞተች» አሉ። «ኩላሊቷ ነው፣ አይሰጣት ብሏል ሐኪሙ። ጥጥ እያራስኩ ከንፈሯን ብቻ... አንቺም በስልክ ሰምተሻል።»

ሰምታለች። በዚያ በመጨረሻው ስልክ ከአባቷ ድምፅ ጀርባ የእናቷ ቀጭን ድምፅ ነበር፦ ትንሽ ብቻ አሕመድኑር። አባቷም፦ አብሽሪ፣ አይዞሽ ኸዲጃ፣ ነገ።

«አንቺ ስትሄጂ ጀሪካኑ በእኔ እጅ ቀረ። ያ ውሃ ሲሸሽ ድምፁን ስሰማ... የእሷን ነገር በእጄ ውሃ ልከለክለው አልቻልኩም። ልጠጣ ቢል ይጠጣ አልኩና ወተፍኩት። አፉ በይኝ ልጄ።»

የፈርሂያ ቁጣ የት እንደገባ እንጃ። ውታፉን ስትነቅለው የቆየው ውሃ እያንጎራጎረ ወደ ጀሪካኑ ወረደ፤ ሁለቱም ሰሙት። «አፉ ብያለሁ አባ» አለች ሲያልቅ።

የሞቱትን እየነቀለች ወደ ላይኛው ጥግ ሄደች። እዚያ አንዱን ስትስበው አልመጣም አላት። ጠጠሩን በጣቷ ገለጥ አደረገችው። ነጭ ሥር፣ እንደ ክር የቀጠነ። አጠገቡ ያለውም፣ ቀጥሎ ያለውም ሥር ሰድደዋል። ረጅሙ እግር ጥጉን ከፍ አድርጎት የቆመው ውሃ አላሰመጣቸውም፤ ከሥር ብቻ አራሳቸው።

«አባ፣ ይምጡ! ይዩ!»

አጎንብሰው አዩ። «እነዚህን ምን አዳናቸው?»

በጣቷ እግሩን አሳየቻቸው። አሕመድኑር የሠሩትን እግር ከላይ እስከ ታች አዩት። «መጋደሉን ታውቂ ነበር?»

«ገና ሲቆም።»

«እና ዝም አልሽ።»

«እርስዎስ ያውቁ ነበር?»

«አናጢ እኮ ነኝ» አሉ አባቷ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ እየሳቁ። «ዝም ስትይኝ ዝም አልኩ።»

የዐስር አዛን ተሰማ። ፈርሂያ ጀሪካኑን ልታነሳ ስትል «ተይው፣ እኔ» አሉና ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት። ውሃው ቀስ እያለ ወጥቶ ያንን ጥግ አረጠበው። መስገጃቸውን እዚያው ዘርግተው ሰገዱ። ሰው ከመስጊድ ሲመለስ ተነስተው እጃቸውን ጀሪካኑ ላይ አሳረፉ፣ ቶሎም አላወረዱትም።

«ጠጥተሻል ኸዲጃ» አሉ በመጨረሻ። «አሁን ተንፍሺ።» አወረዱት።