የማክሰኞ ጄል

የሬዲዮ ጣቢያው ሰዎች “አንባቢዋ” ይሏታል። ሐሙስ አመሻሽ ላይ አዳዲስ የጤና ጥናቶችን ለአድማጭ ታነባለች፤ ስለ አንጎል፣ ስለ ጭንቀት፣ ስለ እንቅልፍ የተገኘውን ሁሉ። ሥራዋ ማንበብ እንጂ መጠርጠር አልነበረም። ያን ሐሙስ ጠዋት ግን አንዲት ዓረፍተ ነገር አልዋጥላት አለች።

መግለጫው የተላከው ከአንድ የእንቅልፍ ምርምር ክፍል ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ከቀትር በኋላ ትንሽ ሸለብ ሲያደርጉ ጠዋት ያጠኑትን ቃል የበለጠ ያስታውሳሉ ይላል። ደግ ወሬ ነው፤ አድማጭ ይወደዋል። መጨረሻው ላይ ግን እንዲህ የሚል ነበር፦ “ተሳታፊዎቹ በሙሉ ጥናቱን በመልካም ጤንነት አጠናቀዋል።”

ባሏ ከተሳታፊዎቹ አንዱ ነበር። ከሞተ ዓመት አልሞላውም።

ባሏ ጡረታ የወጣ ካርታ ሠሪ ነበር፤ ቤት መዋል የማይሆንለት ሰው። ማክሰኞ ማክሰኞ ወደዚያ ምርምር ክፍል ይሄድ ነበር። ባለ ሽቦ ቆብ ያጠልቁለታል፤ እያንዳንዷን ሽቦ በነጭ ጄል ራሱ ላይ ይለጥፋሉ፤ ያስተኙታል። ቤት ሲመጣ ፀጉሩ ተጣብቆ እንደ አሮጌ ብሩሽ ቆሞ ነው። እሷም መታጠቢያ ክፍሉ ውስጥ በአጭር በርጩማ ታስቀምጠውና በሞቀ ውሃ ታሽለት ነበር።

“እነዚህ ሰዎች ራስህን ሊጥ አደረጉት እኮ!”

“ለሳይንስ ነው፤ አትቆጪ።”

“ሳይንስ ሻምፑ የለውም? ዝቅ በል፣ ጆሮህ ጀርባም ሞልቷል።”

ክረምቱ ሲገባ በር ላይ ወደቀ። ሆስፒታል ሲደርስ ጭንቅላቱ ውስጥ እጢ አለ አሉ፤ ጊዜው አልፏል አሉ። ብዙም አልቆየ። ከዚያ ወዲህ ያ ባለ ሽቦ ቆብ ከሐሳቧ ወጥቶ አያውቅም። በሽቦው ምን አሳልፈውበት ይሆን? ለማንም አልተናገረችም። ሐዘኗን እንደ ቤት ቁልፍ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነበር የምትዞረው። አሁን ደግሞ ሁሉም ጤነኛ ነበሩ ይሏታል።

የድምፅ ባለሙያው ዘንድ ሄደች። “አንዲት ሰከንድ” ማለት ስለሚያበዛ ሰከንድ ነው የሚሉት።

“የዛሬውን ፕሮግራም ግማሹን ባዶ አድርግልኝ” አለችው። “አንድ ሰው ሲዋሽ ይዤዋለሁ።”

“እትዬ! እርስዎ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው መርማሪ የሆኑት?” ሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁን ዋጠ። “እሺ፣ ባዶ ይሆናል። ብቻ አያርፍዱብኝ።”

መቅረጫዋን ይዛ ወደ ምርምር ክፍሉ ሄደች።

ተመራማሪው ቀጭን፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር ሰው ነው። ማን እንደሆነች ስትነግረው ወንበር ሳበላት። ይኼ ትሕትናው ራሱ አልጣማትም፤ ጥፋት ያለበት ሰው ነው እንዲህ የሚሽቆጠቆጠው ብላ አሰበች።

“ባለቤትዎ ከጥናቱ የወጡት ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነው” አላት። “የአንጎላቸው ሞገድ ባንድ ጎን ደህና አልነበረም። ጥናቱ ደግሞ ለጤነኞች ነው። ወደ ሐኪም ላክናቸው፤ በቦታቸው ሌላ ሰው ተካን። ለባለቤቴ ራሴ እነግራታለሁ ብለውን ነበር።”

“ቆቡ የጎዳው ነገር የለም?”

“ቆቡ ያዳምጣል እንጂ ምንም አያስገባም። እጢው ቀድሞም ነበር።”

“መግለጫችሁ ከጥናቱ የወጣ ሰው አለ አይልም።”

“ልክ ነዎት። መጻፍ ነበረበት።”

“እስከ ክረምት ድረስ በየማክሰኞው በጄል ተለውሶ ይመጣ የነበረውስ ማነው? እኔ ነኝ ያጠብኩት!”

ሰውዬው ግራ ገባው። “ከእኛ ዘንድ ግን አይደለም፣ እመቤቴ።”

ኮሪደሩ ላይ ስትወጣ ጥርጣሬዋ አብሯት ወጣ፤ ፊቱን ብቻ አዞረ። ይህ ሰው ከዋሸ አንድ ነገር ነው። ካልዋሸስ? ባሏ ማክሰኞ ማክሰኞ የት ነበር የሚውለው? ፀጉሩን የሚቀባው የማን እጅ ነው? የሞተን ሰው በዚህ መጠርጠር አሳፈራት፤ ግን ጠረጠረች።

“እትዬ፣ አንዴ ይቁሙልኝ።” ነጭ ጋውን የለበሰች፣ በእሷው ዕድሜ ያለች ወፍራም ሴት ተከትላት መጣች። ቆቡን የምታጠልቀው ቴክኒሻን ናት። “እኔ ነበርኩ የምቀባቸው።”

“ምን አልሽ?”

“ጄሉን። ከሆስፒታል ክትትል ሲመለሱ በዚህ ያልፉ ነበር። ‘ከጆሮዬ ጀርባም አድርጊ፣ እዚያ ከሌለ አታምንም’ ይሉኝ ነበር።”

“ለምን?”

“መጀመሪያ ሌላ ሴት ይዘው እኔን መሸፈኛ ያደረጉኝ መስሎኝ ነበር።”

“እኔም አሁን የማስበው እሱኑ ነው።”

“ታዲያ ተቆጣኋቸው። እሳቸው ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? ‘ካወቀች እንደ በሽተኛ ነው የምታጥበኝ። አሁን እየተሳደበች ነው የምታጥበኝ። እሱ እንዲቀርብኝ ትፈልጊያለሽ?’”

አንባቢዋ የቦርሳዋን ማንገቻ አጥብቃ ያዘች። “ልታጽናኚኝ የፈጠርሽው እንዳልሆነ በምን አውቃለሁ?”

ቴክኒሻኗ አልተቀየመችም። “‘ሳይንስ ሻምፑ የለውም?’ ብለዋቸው የለ? እዚህ ክፍል ውስጥ ቆብ ባጠብን ቁጥር እሱን እየደገምን ነው የምንስቀው።”

ያን ቃል የሰሙት የመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳና እሱ ብቻ ነበሩ።  አንባቢዋ ቴክኒሻኗን ጉንጯን ሳመቻትና ወጣች።

ስቱዲዮ ስትደርስ ሰከንድ በጉጉት ቆሞ ይጠብቃል። “ባዶውን ትቼዋለሁ። ጉዱን ያምጡት!”

“ሙዚቃ ሙላበት።”

“እንዴ! ውሸቱስ?”

 ብዕሯን አውጥታ መግለጫው ግርጌ ጻፈች፦ “በጤና ምክንያት ገና መጀመሪያ ላይ የተሰናበተ አንድ ሰው በውጤቱ ውስጥ አልተቆጠረም።” አንዴ ለራሷ አነበበችው። ድምፅዋ እስኪስተካከል ደግማ አነበበችው።

“እትዬ፣ ኧረ በሞቴ ይንገሩኝ” አለ ሰከንድ ከመስታወቱ ወዲያ። “ማነው የዋሸው?”

“የእኔው ሰውዬ” አለች፤ የጆሮ ማዳመጫዋን አጠለቀች።

ቀዩ መብራት በራ።