ለመወፈሪያ የተተወ ጨርቅ

አሶሳ ገበያ በር ላይ፣ ከቆርቆሮ ሱቆቹ በአንደኛው በረንዳ፣ ታረቀኝ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። ሱሪ ሲሰፋ ከኋላ፣ ከወገቡ ላይ፣ አራት ጣት የሚሆን ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፎ ይተዋል። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ላለው ሁሉ መልሱ አንድ ነው።

«ለመወፈሪያ ነው ወንድሜ። ጨርቅህ ይጥበብህ!»

ደንበኛውም «አሜን» ብሎ፣ ሱሪውን በጋዜጣ አስጠቅልሎ ይሄዳል።

በዚያን ጊዜ ምርቃቱ ቶሎ ይደርስ ነበር። ክልሉ ከተቋቋመ ገና አራተኛ ዓመቱ ነው። ከማንኩሽ፣ ከማንቡክ፣ ከሆሞሻ መጥተው ቢሮ የገቡት ሹሞች በመስከረም ያሰፉትን ሱሪ በግንቦት «እባክህ ልቀቅልኝ» እያሉ ይመልሱታል። ጮማ የበላ ቢወፍር ምን ይደንቃል? ታረቀኝን የሚደንቀው ጮማ ከሩቅ የሚያሸቱት ሰዎች ወገብ ነው፤ የዘበኛው፣ የተላላኪው፣ የራሱ። የራሱን ሱሪ ደጋግሞ ከመልቀቁ የተነሳ የታጠፈው ጨርቅ አልቆ፣ ከኋላው ላይ የካኪ ቁራጭ ቀጥሎበታል።

የሚበላው እንዲህ ነበር። ጠዋት ፓስቲ፣ አራት ማንኪያ ስኳር ባለው ሻይ። ቀን ዳቦ፣ እንደገና በሻይ። ማታ ሚስቱ ጤናዬ በዘይት ያጥለቀለቀችው ማካሮኒ። ጤፍ ከሩቅ ስለሚመጣ ዋጋው አይቀመስም፤ ሥጋ ለፋሲካ ነው፣ ወተት ለአራስ። ሆድ ሞልቶ የሚያሳድረው ርካሹ ነገር የፉርኖ ዱቄትና ዘይት ነበር። በላዩ ላይ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከስፌት መኪናው አይነሳም። መንገደኛው «ታሬ፣ ተመችቶሃል!» ሲለው ጤናዬ አንገቷ በኩራት ይረዝማል። የባል ውፍረት የሚስት ምስክር ወረቀት ነው።

ለታረቀኝ ግን ውፍረቱ ከዚህም ይበልጥበት ነበር። በሰባ ሰባት ድርቅ ከወሎ ሲነሣ የሃያ አምስት ዓመት ጎልማሳ ነው። እናቱ የዱር ቅጠል እየቀቀለች እሱንና ሁለት ታናናሾቹን ስታበላ ከርማ፣ ከአራቱ ሰዎች አሶሳ ሰፈራ የደረሰው እሱ ብቻ ነበር። ከጭነት መኪናው በወረደ ዕለት ማለ። «ዳግመኛ ጫካ ያበቀለውን በአፌ አላዞርም።» ሆዱ እየገፋ በሄደ ቁጥር ያ ቀን ከኋላው እየራቀ የሚሄድ ይመስለው ነበር።

በረንዳውን የሚጋራው ኢንዓም ከምትባል የበርታ ሴት ጋር ነው። ኢንዓም ትከሻዋ ላይ አጣና አጋድማ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ ቅርጫት አንጠልጥላ ትመጣለች፤ ማሽላ፣ እነሱ ከንከሴ የሚሉት ባሚያ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ ለጋ የቀርከሃ ቡቃያ። ምሳዋን ስትከፍት ሁልጊዜ ትጠራዋለች። «ታረቀኝ፣ ና ብላ።» እሱም ሁልጊዜ «ጠግቤያለሁ፣ እግዜር ይስጥሽ» ይላል። ዞር ሲል ከሰፈራ ጓደኞቹ ጋር «እንጨት ትብላ እንግዲህ» ብሎ ይስቃል።

ነሐሴ ሲገባ ኢዘዲን የሚባለው የሆሞሻ ሰው፣ ከመምህርነት ወደ ቢሮ ኃላፊነት የወጣው፣ ሱሪውን ይዞ መጣ።

«ታሬ፣ ምርቃትህን አንሳልኝ፤ ጨርቄ አንቆ ሊገድለኝ ነው!» አለና የታረቀኝን ቦርጭ አየ። «እኔስ ሹም ነኝ። አንተን ማን ሾመህ?»

«ፓስቲ ነው የሾመኝ፣ አቶ ኢዘዲን።»

በረንዳው በሳቅ ሞላ። ታረቀኝም እየሳቀ ቁልፍ ሊተክል መርፌ አነሣ። የመርፌው ቀዳዳ የለም። ክሩን በምራቁ አርጥቦ ሞከረ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ገልጦ ሞከረ። መርፌው ሁለት ይሆናል፣ መልሶ ጉም ይሆናል። ላብ አጠመቀው። «ለነገ ይደርሳል» ብሎ ሰውየውን ሸኘው።

ኢንዓም መርፌውን ከእጁ ወሰደች፣ ክሩን አስገባችና ኮሌታው ላይ ሰካችለት። በነጋታውም እንዲሁ። በሳምንቱ ግን ጠየቀችው።

«ዓይን ሄደ፣ አይደለም?»

«ላብ ገብቶበት ነው።»

«ወላሂ፣ ላብ ስምንት ቀን ዓይን ውስጥ አይቀመጥም። ሐኪም ሂድ።»

ሄደ። ልብስ ሰፊ ዓይኑ ከጠፋ መኪናውን ሽጦ ደጅ ከመቀመጥ በቀር ምን ይቀረዋል? ሀዊ የምትባል የባምባሲ ልጅ፣ የጤና ጣቢያው ነርስ፣ መረመረችው።

«ጋሼ ታረቀኝ፣ የስኳር በሽታ ነው። ሻይ ላይ ስንት ማንኪያ ይጨምራሉ?»

«አራት። እንግዳ ካለ አምስት።»

ኪኒን ሰጠችው። «ዓይንዎ ገና አልጠፋም። ስኳሩ ከወረደ ሊመለስ ይችላል፤ ካልወረደ ግን ቃል አልገባልዎትም» አለችና ከእንግዲህ የሚበላውን ትደረድርለት ጀመር። ምስር፣ እንቁላል፣ አሳ፣ ሰላጣ...

«እህቴ፣ ይሄን የሚበላ ሰው እኔ ጋ ሱሪ አያሰፋም። አዲስ አበባ ሄዶ ነው የሚያሰፋው።»

ሀዊ ሳቀችና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እውነትዎን ነው። እኔም ደሞዝ እስኪወጣ ዳቦ በሻይ ነኝ። እስቲ ገበያው ላይ ርካሽ ቅጠላ ቅጠል ምን አለ?»

«ከጎኔማ ባሚያና እንጨት ነው ያለው። የቀርከሃ ቡቃያ ይበላሉ።»

«ታዲያ የሚበሉት ሰዎች እንዴት ናቸው?»

ታረቀኝ ሊመልስ ሲል የኢንዓም አባት ትዝ አሉት። ሽማግሌው ለየኢዱ ሱሪ ያሰፋሉ፤ ከመንደራቸው በእግራቸው መጥተው በእግራቸው ይመለሳሉ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ሜትሩ እሳቸው ወገብ ላይ አንድ ጣት እንኳ ፈቀቅ አላለም። ለመወፈሪያ የተወላቸውን ጨርቅ አንድ ቀን ነክተውት አያውቁም።

በማግስቱ ጤናዬ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ይዛ በረንዳው ላይ ደረሰች። «ባሌን በገዛ እጄ በማካሮኒ! አሁን ደግሞ ሲከሳ አገሩ ሁሉ አስራበችው ይለኛል!»

«አንተ ለምን ታለቅሳለህ? ና፣ ተቀመጥ» አለቻት ኢንዓም። አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም። ሳህኗን ገለጠች፤ ትንሽ የማሽላ ገንፎ፣ ዙሪያውን ባሚያና ተቀቅሎ የተከተፈ ቡቃያ። «ጾም ላይ ናችሁ፣ አውቃለሁ። ሥጋ የለም፣ ቅቤ የለም። ብሉ።»

ታረቀኝ ቡቃያውን አንሥቶ አፉ ውስጥ ጨመረ። ከወዙ ሥር የቀረችው ትንሽ ምሬት የእናቱን ድስት አመጣችበት። ማላመጡን ተወ።

«ምነው?» አለች ኢንዓም።

«እናቴ... በክፉ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ትቀቅል ነበር።»

ሳህኑን ወደ እሱ ገፋ አደረገችለት። «እኛ ይሄን ለሠርግም እንበላለን» አለችው። «ልጄ ሲወለድ በልተናል። አባቴ በጥጋብ ቀን ይለምነኛል። የክፉ ቀን ብቻ አይደለም፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ።»

ዋጠው። ሁለተኛም አነሣ። እንባው ይወርድ ነበር፤ እጁ ግን አላቆመም። እናቱ ቅጠል ስትቀቅል ምን ያህል እንደወደደችው ያን ቀን ገባው፤ ያንን ድስት እስካሁን መርገሙም አሳፈረው።

ከዚያ ወዲያ ጤናዬ ከኢንዓም ምድጃ አጠገብ ሙያ ስትማር ሰነበተች። ሻዩ ስኳር አጣ፣ ፓስቲው ቀረ፣ ኪኒኑ አልተዘለለም፤ ታረቀኝም ወደ ቤቱ በእግሩ ይሄድ ጀመር። ሰዉ «ታሬ፣ ምን ነካህ? ከስተህ ከሰል መሰልክ!» ሲለው ጤናዬ አንገቷን ትደፋለች። ክረምቱ ወጥቶ ቡቃያው ሲያልቅ ባሚያው ነበር።

ኅዳር ላይ፣ አንድ ረፋድ፣ ኢንዓም ገና ሳትመጣ መርፌ አነሣ። አንድ ጊዜ ሳተ። ሁለተኛም ሳተ። በሦስተኛው ክሩ ገባ። ማንንም አልጠራም፤ «ተመስገን» አለና የክሩን ጫፍ ቋጠረ።

ከዚያም የራሱን ሱሪ ከኋላ ተረተረ። የካኪውን ቁራጭ አወጣ፣ ደራርቦ አጠፈው፣ ጥጥ ጎሰጎሰበት፣ ዙሪያውንም በእጁ ሰፋው።

ኢንዓም አጣናዋን አውርዳ ትከሻዋን ስታሽ ሰጣት። «ከአጣናው ሥር አድርጊው። አይቆረቁርሽም።»

አገላብጣ አየችው። «ክር ማን አስገባ?»

«እኔ።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለች፤ ቀጥላ የስፌቱን ጫፍ ጎተት አድርጋ ሳቀች። «ለመወፈሪያ አልተውክም?»

«ላንቺ ትከሻ አልተውኩም» አላት። «እሱ እንዳለ ይኑርልኝ።»