ወደ መስኮቱ የሚያዘነብለው ጠረጴዛ

ፑል ሲጫወቱ ማየት የምወዳቸው ሰዎች ሦስት ናቸው። ሁለቱን የማያቸው በቴሌቪዥን ነው። አንዱን «ቀብራራው» እንለዋለን፤ ጠረጴዛውን ሳይዞር አይመታም፣ ዞሮ ዞሮ ተመልካቹን እንቅልፍ ካስያዘ በኋላ አንዴ ጎንበስ ሲል ስድስት ኳስ አከታትሎ ያስገባል። ሁለተኛዋ ሴት ናት፤ እኛ ዘንድ ስሟ «መቀስ» ነው፣ ኳሱን በስሱ ቆርጣ ስትልከው ጉድ ነው። ሦስተኛው ግን የእህቴ ባል ነበር። ነበር ያልኩት ወድጄ አይደለም።

እሱን «ሹክታ» ይሉታል፣ ነጩን ኳስ ሲመታ ድምፁ ስለማይሰማ። በወጣትነቱ ከአገር አገር ዞሮ ዋንጫ የሰበሰበ ባለሙያ ነው። ሲያረጅ የክለባችን አሰልጣኝ ሆነ፤ ከክለቡ ጀርባ ባሉት ሁለት ክፍሎች ከእህቴ ጋር ይኖር ነበር። እኔ ደግሞ የፑል ጠረጴዛ ጠጋኝ ነኝ። ጨርቅ እቀይራለሁ፣ የላላ ጠርዝ እለጥፋለሁ፣ እግሩን አስተካክላለሁ። ቅጽል ስሜ «ውሃ ልክ» ነው፤ ያቺን መሣሪያ ከኪሴ አልለያትም። ሻይ ቤት ስቀመጥ እንኳ የጠረጴዛውን ልክ ሳላይ ሻዬን አልጠጣም። ሙያ ነው፣ ምን ላድርግ!

የክለቡ ትልቁ ጠረጴዛ ግን ያሳፍረኝ ነበር። ወለሉ ከሰመጠ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጠረጴዛው ወደ መስኮቱ ያዘነብላል። ቀስ ብለህ የመታኸው ኳስ መጨረሻው ላይ ወደ መስኮቱ ጥግ ይጠማዘዛል። «ላስተካክለው» ባልኩ ቁጥር ሹክታ «ተወው ወንድሜ፣ እኔና እሱ ተላምደናል» ይለኛል። አሰልጣኙ እሱ ነው፣ ተውኩት። የጨዋታው መዝጊያ የሆነውን ጥቁሩን ኳስ ወደ መስኮቱ ጥግ ሲልክማ! ኳሱ ቀዳዳውን ሊስት ነው ብለህ ልብህ ድው ሲል፣ መለስ ብሎ ይገባል። እኔ ከወንበሬ ተነስቼ «ኳስ የሚታዘዝለት ሰው እዩ!» እያልኩ እጮሃለሁ። እህቴ «እስቲ ተቀመጥ፣ አታሳፍረን» ትለኛለች።

ከዚያ «ጥይት» የሚሉት ወጣት መጣ። ልስላሴ የሚባል ነገር የለውም፣ ኳሱን ቀጥ አድርጎ ነው የሚደበድበው። ከውድድር ሁለት ዋንጫ ይዞ ሲመለስ የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ዓይኑን ጣለበት። ሹክታን ዝም ብሎ ማባረር ስላሳፈረው፣ «ቅዳሜ ይግጠሙ። አምስት ጨዋታ ቀድሞ ያሸነፈ አሰልጣኝ ይሆናል፤ ክፍሎቹም የአሰልጣኙ ናቸው» አለ። ሹክታ «እሺ» አለ።

ሐሙስ ከሰዓት እህቴ ወርክሾፔ መጣች። ታላቄ ናት፣ ያሳደገችኝም እሷ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። በሩን ከኋላዋ ዘጋች።

«ዓይኑ ሄዷል» አለችኝ።

«የማን?»

«የማን ይሆናል! የባሌ ነዋ። ዳር ዳሩን ያያል፣ ፊት ለፊቱን ግን ጥቁር ነገር ይጋርደዋል። ይኸው ሦስት ዓመቱ።»

«ታዲያ እንዴት ነው የሚጫወተው?»

«ያንን ጠረጴዛ በቃሉ ይዞታል። ኳሱ የት እንደሚጠማዘዝ፣ የቱ ጋ እንደሚቆም፣ እንደ ቤቱ ደረጃ ያውቀዋል። ሌላ ጠረጴዛ ላይ ግን ሕፃን ነው። እባክህ ወንድሜ፣ ከቅዳሜ በፊት እንዳትነካው። ይሄን ሥራ ካጣ የት እንገባለን?»

«አንቺ ሙች እትዬ፣ ጫፉን አልነካም» አልኳት። የማልኩት ከልቤ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ጥይት ሊለማመድ መጣ። እኔ ወንበሬ ላይ ነኝ። ቀስ ብሎ የላከው ኳስ ወደ መስኮቱ ተጠማዘዘበት። ደገመው፤ አሁንም ተጠማዘዘበት። ስቲኩን ተደግፎ ቆመና «ይሄን ጠረጴዛ የሚጠግነው ማነው? ጋሪ ሠሪ ነው?» አለ።

ሥራ አስኪያጁ በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «ኧረ ቀስ በል፣ ይሰማሃል። ውሃ ልክ ነው የምንለው።»

«የምን ውሃ? የጎርፍ?»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሃያ ሰው ይሆናል፣ ሁሉንም አውቃቸዋለሁ፣ ሁሉም ሳቀ። ደሜ ፈላ። «ዕውር ሰው ከልክሎኝ ነው!» ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። መዋጤንም እንደ ትልቅ ደግነት ቆጠርኩት።

የተናደድኩት ግን በጥይት ብቻ አይደለም። በሹክታም ነው። ስድስት ዓመት ሙሉ ያጨበጨብኩት ለማን ነበር? ለሰመጠ ወለል? እሱ በእኔ ጠማማ ጠረጴዛ ሲደነቅ፣ እኔ በዚያው ጠረጴዛ መሳቂያ ልሁን? እውነተኛ ባለሙያ ከሆነ በተስተካከለ ጠረጴዛ ላይ ያሳየን፣ አልኩ። ይሄን ያልኩት የዓይኑን ነገር እያወቅኩ ነው። አልዋሽም።

ከምሳ በኋላ ክለቡ ባዶ ሲሆን ገባሁ። ጠረጴዛውን በክሪክ አነሳሁት፣ በመስኮቱ በኩል ባሉት እግሮች ሥር ሽብልቅ አስገባሁ፣ አሮጌውን ጨርቅ ገፍፌ አዲስ ወጠርኩ። ውሃ ልኬን በአራቱም ጥግ አስቀመጥኩ፤ አረፋዋ መሃል ላይ ቆማ ንቅንቅ አላለችም። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። እያፏጨሁ ቤቴ ገባሁ።

ቅዳሜ ቤቱ ጢም አለ። እህቴ ሰው እንዳይነቃባቸው እንደ አዲስ ሙሽራ ክንዱን ይዛ ሹክታን አስገባችው። ከዚያ አዲሱን ጨርቅ አየች። በዓይኗ እኔን ፈለገች፣ አገኘችኝም። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ክር ማሰር ጀመርኩ።

ሹክታ መዳፉን በጨርቁ ላይ አሳለፈ። እጁ መሃል ላይ ቀጥ አለ።

«ትንሽ ልሞክረው?» አለ።

«ሰው እየጠበቀ ነው እኮ ጋሼ» አለው ሥራ አስኪያጁ። «አዲስነቱ ለሁለታችሁም እኩል ነው።»

ምን ይበል? እውነቱን ቢናገር ዕውር አሰልጣኝ ማን ይፈልጋል? ቾኩን አንስቶ የስቲኩን ጫፍ ቀባ።

አራቱን ጨዋታ ጥይት ጠራርጎ ወሰደ። የሹክታ ኳሶች ወይ ያልፋሉ፣ ወይ ጠርዝ ይገጫሉ። ሰዉ መጀመሪያ አዘነ፣ ቀጥሎ ሰለቸው፣ ቀጥሎ መሳቅ ጀመረ። አምስተኛው ላይ ጥይት ንቆት መቀለድ ያዘና ሹክታ እንደምንም ጥቁሩ ላይ ደረሰ። ስቲኩን ዘርግቶ «የመስኮቱ ጥግ» አለ።

ያቺን ድምፅ የሌላትን ምት መታ። ኳሱ ቀዳዳውን የሚስት መስሎ ሄደ፣ እንደ ድሮው። እኔ ራሴ፣ ሽብልቁን ያስገባሁት ሰውዬ፣ በሆዴ «ተጠማዘዝ፣ ተጠማዘዝ» አልኩ። አልተጠማዘዘም። ጠርዙን ነካ አድርጎ ከቀዳዳው አራት ጣት ርቆ ቆመ።

ጥይት ለቀልድ «ገባ!» ብሎ ጮኸ። ሌሎቹም ተቀብለውት አጨበጨቡ።

ሹክታ ቀና አለ። ፊቱ በራ። ስቲኩን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ለሰዉ እጅ ነሳ። ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ፈነዳ። ከዚያ አንዱ «እንዴ! ሰውዬው አያይም እኮ!» አለ። እህቴ መጥታ ክንዱን ያዘችና ይዛው ወጣች።

ሰኞ ክፍሎቹን ለቀቁ። የት ይግቡ? እኔ ቤት ገቡ። እህቴ ዕቃዋን ይዛ በአጠገቤ አለፈች። ሹክታ ግን ትከሻዬን ዳብሶ ያዘኝ።

«እጅህ ይባረክ ወንድሜ። እንደዚያ የተስተካከለ ጠረጴዛ ነክቼ አላውቅም። ልታከብረኝ ብለህ እንደሠራኸው፣ የዓይኔን ነገርም እንዳልነገረችህ እህትህ አጫውታኛለች። አይቆጭህ፣ ከየት ልታውቅ?»

በኋላ ማድ ቤት ብቻዋን ሳገኛት «ለምን ዋሸሽው?» አልኳት።

«የሚበላው አንተ ቤት ነው» አለች ፊቷን ሳታዞር። «ያደረግከውን ካወቀ እህል ይወርድለታል?»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት ቴሌቪዥኑ ላይ ቀብራራውና መቀስ ገጠሙ። እህቴ ባሏን እየመራች አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችው። ቀብራራው ጠረጴዛውን መዞር ጀመረ። ሹክታ አንገቱን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርጎ «አሁን የት ሄደ? ነጩ የት ቆመ?» አለኝ። ብድግ ብዬ ልወጣ ስል እህቴ በሩ ላይ ቆማለች።

«ወዴት ነው?» አለችኝ። «አንተ ማየት ትወድ የለም እንዴ? በል ተቀመጥና እይለት።»

ተቀመጥኩ።